የሃይማኖት ተቋማትና የንጹሕ መጠጥ ውሃ አቅርቦት

ንጹሕ የመጠጥ ውሃን ለዜጎች ሁሉ ማዳረስ ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚተው ተግባር አለመሆኑ ከታወቀ ውሎ አድሯል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ፖሊሲዎች ኢትዮጵያውያን ሁሉ ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ ማድረግ እንዳለባቸው ደንግጓል። የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን ያቀናጀው የ«ዋን ዋሽ» ብሔራዊ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ሆኗል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድም አንድ የገጠር ነዋሪ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር ውሃ እንዲያገኝ መለኪያ ወጥቶ ነበር።

ይሁን እንጂ የሚቀረው ሥራ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 መሠረታዊ የመጠጥ ውሃ አገልግሎት ያገኝ የነበረው ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ነው። ከብክለት ነጻ የሆነ፣ በተፈለገ ጊዜ የሚገኝና ከመኖሪያ ግቢ ሳይወጡ የሚቀዳ ውሃ ያለው ሕዝብ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር።

ችግሩ የግንባታ ማነስ ብቻ አለመሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 የተካሄደው ብሔራዊ ቆጠራ ከገጠር የውሃ ተቋማት አንድ አራተኛ ያህሉ አገልግሎት እንደማይሰጡ አመልክቷል። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ፓምፕ ተተክሎና ተመርቆ ሳለ በአንድ አነስተኛ መለዋወጫ እጦት ሥራው ሲቋረጥ፣ እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ወንዝ ይመለሳሉ። ለግንባታው የወጣው ገንዘብም ባክኖ ይቀራል።

የሃይማኖት ተቋማት ድርሻ መመዘን ያለበት ከዚሁ አንጻር ነው። ተቋማቱ በግንባታው መስክ የቆየ ልምድ አላቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመ ሲሆን፣ የመጠጥ ውሃ ከሥራ መስኮቹ አንዱ ነው። የመካነ ኢየሱስና የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የልማት ክንፎች ምንጭ በማጎልበትና ጉድጓድ በመቆፈር ይሳተፋሉ። የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንም በመኖሪያ ቤት የሚያገለግል የአሸዋ ማጣሪያ በማስተዋወቅ ትታወቃለች። በእስልምና አስተምህሮ ደግሞ ጉድጓድ ማስቆፈር ምንዳው ከሰጪው ሞት በኋላም የማይቋረጥ ሰደቃ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ሙስሊሙ ኅብረተሰብ ለዚህ ዓላማ ገንዘቡን የሚለግስበት ልማድ ሥር የሰደደ ነው።

የተቋማቱ ትልቁ አቅም ግን ገንዘባቸው ሳይሆን ቋሚነታቸውና የሕዝቡ አመኔታ ነው። አንድ ፕሮጀክት የተያዘለት ጊዜ ሲያበቃ ባለሙያዎቹ አካባቢውን ለቀው ይሄዳሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ግን እዚያው ይኖራሉ። ሰበካ ጉባኤያትና የመስጊድ ኮሚቴዎች ከምዕመናን መዋጮ በመሰብሰብና ለምዕመናን ሒሳብ በማቅረብ የዳበረ ልምድ አላቸው። የመንደር የውሃ ኮሚቴዎች ብዙውን ጊዜ የሚጎድላቸውም ይኸው ነው። በየወሩ ጥቂት ብር የሚያዋጣ ነዋሪ ገንዘቡ ለመለዋወጫ መዋሉን ካመነ መክፈሉን አያቋርጥም። ገንዘብ ያዡ ካልታመነ ግን መዋጮው ይቆማል፤ ፓምፑም ሲበላሽ የሚጠገንበት ገንዘብ አይኖርም።

ሁለተኛው አቅም ትምህርት ነው። ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውሃ ባልታጠበ ጀሪካንና ክዳን በሌለው እንስራ ሊበከል ይችላል። ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ውሃ አያያዝና ስለ መጸዳጃ ቤት አጠቃቀም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምታስተምረውን ካህኑ፣ ኢማሙና ፓስተሩ ሲደግሙት ተሰሚነቱ ይጨምራል። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ ተጠብቀው የቆዩት ደኖችም አፈርና ውሃን በማቆየት ረገድ ያላቸው ጠቀሜታ ሊዘነጋ አይገባም።

ተቋማቱ በራሳቸው ቅጥር የሚጠብቃቸው ኃላፊነትም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ የተከሰተው የኮሌራ ወረርሽኝ በበርሜል ጊዮርጊስ ለጸበል የተሰበሰቡ ምዕመናንንም አጥቅቷል። ብዙ ሕዝብ በሚሰባሰብባቸው የጸበል ሥፍራዎች፣ የንግሥ በዓላትና የዚያራ ቦታዎች በቂ መጸዳጃ ቤትና በክሎሪን የታከመ የመጠጥ ውሃ ማዘጋጀት የምዕመናንን ሕይወት የመጠበቅ ጉዳይ እንጂ ከእምነቱ ጋር የሚጋጭ አይደለም። በዚህ ረገድ የጤና ባለሙያዎች ምክር የበለጠ ሰሚ የሚያገኘው የየእምነቱ አባቶች አስቀድመው ሲመከሩና የሥራው ባለቤት ሲሆኑ ነው።

ትብብሩ ግልጽ መርሆዎችን መከተል ይኖርበታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ በልማት መተባበርን አያግድም፤ አገልግሎቱ ለአንድ እምነት ተከታይ ብቻ እንዳይውል ግን ያስገድዳል። በየትኛውም ተቋም ገንዘብ የተሠራ ቦኖ ለአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ክፍት መሆን አለበት። የሚተከልበት ቦታም ማንም ሰው ሳይሳቀቅ የሚደርስበት ሊሆን ይገባል። በውሃ ኮሚቴው ውስጥ የተለያዩ እምነቶች ተከታዮችና በተለይም የውሃ መቅዳት ሸክም የሚበዛባቸው ሴቶች መወከላቸው ለአመኔታው ዋስትና ነው።

በወረዳ ደረጃ የሚጠበቀው ተግባርም ከዚህ የሚመነጭ ነው። የውሃ ጽሕፈት ቤቶች በሃይማኖት ተቋማት የሚገነቡ የውሃ ተቋማትን ከጅምሩ በወረዳው ዕቅድ ውስጥ ማካተትና መመዝገብ ይገባቸዋል። ውሃው ለአገልግሎት ከመብቃቱ በፊት ጥራቱ መመርመር አለበት፤ በተለይ በስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የፍሎራይድ መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን አለማለፉ ሊረጋገጥ ይገባል። በጎ አሳብ ይህን ምርመራ አይተካም። ለመለዋወጫ የሚውለው ገንዘብ የት እንደሚቀመጥና ጥገናውን ማን እንደሚያከናውንም ከምርቃቱ ዕለት በፊት በጽሑፍ መወሰን ይኖርበታል።

የሃይማኖት ተቋማት የመንግሥትን ኃላፊነት አይተኩም። ሆኖም የመንግሥት መዋቅር ሙያውንና ቁጥጥሩን፣ ተቋማቱ ደግሞ አመኔታቸውንና ቋሚነታቸውን ካቀናጁ፣ የተቆፈረው ጉድጓድ ከተመረቀ ከዓመታት በኋላም ውሃ መስጠቱን ይቀጥላል። የትብብሩ ውጤት መለካት ያለበትም በተመረቁት ጉድጓዶች ብዛት ብቻ ሳይሆን አገልግሎት በመስጠት ላይ በሚገኙት ቁጥር ነው።