የምላስ ዳኝነት፦ ስለ አንዲት ትንሽ ሲጋር

በቅርቡ ከግቢው አጥር ውጭ ሰብሰብ ብለን በተቀመጥንበት፣ አንድ ባልንጀራችን ከውጭ አገር የመጣለትን የቆርቆሮ ሣጥን ከፍቶ ትንንሽ ሲጋሮች አደለን። ከሲጃራ ጥቂት ወፈር የምትል፣ ከትልቁ ሲጋር ግን በጣም የምታንስ፣ ሲጋሪሎ የሚሏት ናት። ባልንጀራችን አንዷን ለኮሰ፣ ጢሱን በአፉ አንከባለለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያም ፍርዱን ሰጠ፦ «መጀመሪያ ዝግባ፣ ቀጥሎ ቆዳ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ቸኮላት።» እኛም «እውነት ነው፣ ቆዳውማ ይሰማል!» እያልን ራሳችንን ነቀነቅን። ከመሃላችን ቆዳ ቀምሶ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብቻ «እኔን እንኳ ያረረ ቆሎ ቆሎ ነው ያለኝ» አለ። ሳቅንበት። ያውም ጮክ ብለን! ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ ምሽታችን ላይ አላየነውም።

ይህን የምንጽፈው ስለዚያ ሳቅ ነው። ክሱም በባለ ሣጥኑ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሁላችንም ላይ ነው።

እስቲ ከዝግባው እንነሣ። የሲጋር አዋቂ ነን የሚሉ ፈረንጆች «ሴዳር» የሚሉት ሽታ በአብዛኛው የሚያያዘው ሲጋር ከሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን ጋር ነው። የዚያ ሣጥን ዛፍ በሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል የሚበቅል፣ የማሆጋኒ ዘመድ እንጂ የሊባኖስ ዛፍ ዘመድ እንኳ አይደለም። መዝገበ ቃላት አገላብጦ «ዝግባ» ያለው ሰው ደግሞ በስሕተት ላይ ስሕተት ጨመረ። የኛ አገር ዝግባ እንጨቱ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም፤ መዓዛ ያለው ጥዱ ነው። እንግዲህ በቆርቆሮ ታሽጋ የመጣች ሲጋር፣ ነክቷት የማያውቅ እንጨት፣ ያውም የማይሸት ዛፍ ሸተተች ማለት ነው! ይህን ጣዕም ምላስ አላገኘውም፤ ከማስታወቂያ ወረቀት ተነቦ የመጣ ነው።

«ታዲያ ምን ይበል? የትንባሆ ጣዕም በአማርኛ እንዴት ይነገራል?» የሚል አይጠፋም። እንዴት አይነገርም? ጠላ ጠማቂዋን እናታችንን እንጠይቃት። አንድ ጊዜ ጎንጨት ብላ «ጌሾው በዝቶበታል» ትላለች። ወይም «አሻሮው አርሯል» ትላለች። ወጥ ስትቀምስም «ቁሌቱ አልበሰለም» ትላለች። ፍርዷ አጭር ነው፤ ነገር ግን ከጣዕሙ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱም ወደ ሠራው እጅ ይሄዳል። ጎረቤቷ ደግሞ «የለም፣ ጌሾውስ ልክ ነው፤ ጋኑ ነው በደንብ ያልታጠነው» ብላ ልትከራከራት ትችላለች። ማን እንደረታ በሚቀጥለው ጥንስስ ይታወቃል። ዳኝነት ማለት ይኼ ነው፤ የሚረታበትም የሚረታም ያለበት ነገር።

በዚህ ዳኝነት ትንሿን ሲጋር እንመርምራት። ጢሷ አፍንጫን እንደ አሞኒያ የሚወጋ ከሆነ ቅጠሉ በቂ ጊዜ ሳይብላላ ቀርቶ ይሆናል፤ የሲጋር ትንባሆ ነፋስ ላይ ከደረቀ በኋላ ተከምሮ ይብላላል፣ አሞኒያውም የሚወጣው ያኔ ነው። ምላስ የምታቃጥል ከሆነ ጥፋቱ የኛ የአጫጫሳችን ሊሆን ይችላል፤ ቀጭን ናትና ቶሎ ቶሎ ሲስቧት ትግላለች። ወደ መጨረሻዋ ከመረረች ምሥጢር የለውም፤ ጢሱ እያለፈ የተወው ዝቃጭ ቂጧ ላይ ተጠራቅሞ ነው። ከንፈር ላይ ከጣፈጠች ደግሞ ጫፏ ማጣፈጫ ተቀብቷል፤ ነፋስ ላይ በሚደርቅ ቅጠል ስኳሩ አብዛኛው ያልቃልና ትንባሆው ብቻውን እንደዚያ አይጣፍጥም። ጢሱን ወደ ሳንባችን ሳንስብ ራሳችንን ካዞረንም፣ ኒኮቲኑ በአፋችን ሥጋ በኩል ስለሚገባ ነው። «ያረረ ቆሎ» ያለው ልጅ ከዚህ ሁሉ የራቀ አልነበረም። የቀመሰውን ሁላችንም በምናውቀው ነገር መዘነው። «ቆሎ ሳይሆን ያረረ ቡና ነው» ብለን ልንከራከረው እንችል ነበር። እኛ ግን ሳቅን።

«የቡና ቀማሾችስ?» ይሉናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሐረር ቡና ሲቀመስ «ብሉቤሪ» ይባላል፤ የሐረርጌ ገበሬ ግን ያን ፍሬ አያመርተውም። ይሁን እንጂ የሙያው ሰዎች ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ ያዘጋጃሉ፤ ሁሉም ከዚያው ይቀምሳሉ፤ እያንዳንዱ ነጥቡን ለብቻው ይጽፋል፤ ንግግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ቃሉ የተውሶ ቢሆንም ከጀርባው ሥራ አለ፤ የሳተም ይታወቅበታል። የኛስ? አንዱ ተናገረ፣ የቀረነው ነቀነቅን። ቃሉን ተበደርን፣ ሥራውን ግን ተውነው።

ብድሩ ደግሞ የሚሸፍነው ነገር አለ። ዛሬ ከሚሸጡት ትንንሽ ሲጋሮች አብዛኞቹ በማሽን የተጠቀለሉ ናቸው። ሆዳቸው የተከተፈ ቅጠል ነው፤ የብዙዎቹ ልብስም ሙሉ ቅጠል ሳይሆን ከትንባሆ ብናኝና ቁርጥራጭ እንደ ወረቀት የተዳመጠ ነገር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ ከሜንቶል በቀር ጣዕም የተጨመረባቸውን ሲጃራዎች ሲከለክል ሲጋርን አልነካም፤ የወይንና የቸኮላት ጣዕም ያላቸው ትንንሽ ሲጋሮች ገበያው ላይ ቀሩ። ጣፋጩ ለማን ነው የሚጨመረው? ጢስ ላልለመደ አፍ፣ እንዳይተፋው ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ጣዕም የተጨመረበትን ትንባሆ ከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትንባሆ መሸጥንም እንዲሁ። ከመሃላችን ያን ዕድሜ ያልሞላ እንደነበረ አንደብቅም። «ጥቁር ቸኮላት» ብለን ስናደንቅ ታዲያ የምናደንቀው ማባበያውን ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የሲጋር ጢስ ባይዋጥም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። ይህን ሳያነሣ ስለ ቸኮላቱ ብቻ የሚያወራ ዳኛ የማስረጃውን ግማሽ ደብቋል።

ወደ ሠራው እጅ ብለናልና፣ ሲጋር በእጅ ወደሚጠቀለልባት ኩባ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1865 በሃቫና የሲጋር ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞቹ ሥራቸውን እየሠሩ የሚሰሙት አንባቢ ተቀመጠላቸው። ጋዜጣና ልብ ወለድ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ የሚከፍሉትም እነሱው ከደመወዛቸው አዋጥተው ነው። በዓመቱ መንግሥት ከለከለው፤ ኋላ ግን ተመልሶ መጣ። ፍሎሪዳ ውስጥ ወደ ታምፓ የተሰደዱት ጠቅላዮችም ልማዱን ይዘው ሄዱ፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ1931 ባለፋብሪካዎቹ አንባቢዎቹን አስወጥተው በምትካቸው ሬዲዮ አስገቡ። ሞንቴክሪስቶ የሚባለው ሲጋር ስሙን ያገኘው ከዱማ ልብ ወለድ ነው። እነዚያ ሠራተኞች ቅጠሉን በጣታቸው፣ መጽሐፉን በጆሯቸው ይዳኙ ነበር። የሚያወጡት ገንዘብ የራሳቸው ላብ ነውና ያልገባቸውን እንደገባቸው አድርገው የሚነቀንቁበት ምክንያት አልነበራቸውም።

እኛስ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን የምንለው? አማርኛ ለምግብም ለንግግርም አንድ ሚዛን ሰጥቶናል፦ ጣዕም፣ ቃና፣ ለዛ። ይህን ይዘን በዚህችው መጽሔት ስለ ባልንጀሮቻችን ግጥም ስንጽፍ «ጥልቀት አለው»፣ «ዓለም አቀፋዊ ድምፀት አለው» እንላለን። ይህ ዝግባ፣ ቆዳ፣ ቸኮላት ከማለት በምን ይለያል? ስንኙ የት ላይ አነከሰ? ቤት መድፊያው በግድ ተጎትቶ የመጣው የት ነው? ጌሾው የበዛበት ቦታስ? ይህን የጻፈ ሰው ከመሃላችን ስንት ነው? ገጣሚው ውዳሴውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ግጥሙ የሚያርመው አንድ ነገር እንኳ አላገኘም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። ሲጋርም ሆነ ግጥም የሚዳኝ ሰው አስቀድሞ ምን እንደተሰማው፣ የሰማው ሁሉ ሊፈትነው በሚችል ቃል ይናገር። ቀጥሎ ምክንያቱን ይፈልግ፤ ማን ሠራው፣ በምን ሠራው፣ ምንስ ጨመረበት ብሎ ይጠይቅ። ያልቀመሰውን አልቀመስኩም ይበል፤ ይህ ነውር አይደለም።

በመጨረሻም ስለ ሳቁ። ያ ልጅ በሚቀጥለው የጽሑፍ ምሽት እንዲመጣ ሄደን እንጠይቀዋለን፤ ይቅርታም እንለዋለን። ከመጣ መጀመሪያ እሱ ይናገር። እኛ እንስማው፤ ካልተስማማን በደንብ አድርገን እንከራከረው።