ሶፊያ ሎረንን በየትኛው ፊልሟ እንመዝናት?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ኢጣልያዊቷ የሲኒማ ተዋናይት ስለ ሶፊያ ሎረን በወዳጆቼ መካከል ክርክር ተነሥቶ ስለ ነበር፥ የተሰማኝን በዓምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የፊልሞቹን ዓመት የምጽፈው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

አንደኛው ወዳጄ «መልኳ እንጂ ችሎታዋ የታለ?» ይላል። እርግጥ ነው፥ መልኳን ለማሳየት ብቻ የተሠሩ ፊልሞች አሏት። በ1953 «አይዳ» በተባለው ፊልም ፊቷን አጥቁረው የኢትዮጵያ ልዕልት አደረጓት፤ ድምፁ የሬናታ ተባልዲ ነው፥ እርሷ አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። በዚህ የሚስቅ ቢኖር አልቈጣም። ቻርሊ ቻፕሊን በ1967 ከማርሎን ብራንዶ ጋር ያሠራትም ፊልም ሳቅ ይጐድለዋል።

ዳሩ ግን ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1960 ያዘጋጀውን «ሁለት ሴቶች» ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ወታደሮች እናትና ልጅን በፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከደፈሩ በኋላ፥ እናቲቱ በመኪና ለሚያልፉ መኰንኖች ስትጮህ፥ ድንጋይ ስትወረውር፥ መንገድ ላይ ወድቃ ስታለቅስ መልኳን ማን ያስታውሳል? ኦስካር የተሸለመችውም በዚሁ ነው።

ሁለተኛው ወዳጄ አባቱ በአርበኝነት የወደቁ ናቸው። እርሱ የተቈጣው ኤቶሬ ስኮላ በ1977 ባዘጋጀው «ልዩ ቀን» ነው። «የሙሶሊኒን መልክ በአዝራር ሠርታ የምታስቀምጥ ሴት ስለ ምን ታሳዝነኛለች?» አለኝ። ቍጣው ይገባኛል። ፊልሙ የሚያሳየው ቀን በእኛ ሚያዝያ 28 ቀን 1930 ዓ.ም. ነው፤ ጠላት አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ዓመት ከአንድ ቀን መሆኑ ነው። ሂትለር ሮማን ሊጐበኝ መጥቶ ሕዝቡ ሁሉ ለሰልፍ ወጥቷል፤ የስድስት ልጆች እናት የሆነችው ይህች ሴት ግን የተቀደደ ነጠላ ጫማ አድርጋ ዕቃ ስታጥብ ትውላለች። ቤቱ ውስጥ ከሬዲዮው ጩኸት ማምለጫ የለም። ወደ እኛ የዘመተው ጦር ከምን ዓይነት ቤት እንደ ወጣ ከዚህ ፊልም በተሻለ ያሳየኝ መጽሐፍ አላነበብሁም።

ባሏ ሰባተኛ ልጅ ወልደው አዶልፎ ሊለው ያስባል። እርሷ ግን ከሬዲዮ ሥራው ተባርሮ ወደ ግዞት የሚሄደውን ጎረቤቷን ሰዎች ሲወስዱት በመስኮት አይታ፥ አንድ ቃል ሳትናገር መብራቱን አጥፍታ ባሏ ወዳለበት አልጋ ትሄዳለች።

ወዳጄ ከመካከሉ ተነሥቶ ስለ ወጣ ይህን መጨረሻ አላየውም። ያየው አንባቢ ካለ ሐሳቡን ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

አንድ የሲኒማ ወዳጅ
ከአዲስ አበባ