ለጨረቃ ደብዳቤ ይዛችኋል?

ጨረቃ ፎቶ ልናነሳ ወጥተን እንደ ሌባ ተጠይቀን ገባን። ነገሩ እንዲህ ነው።

ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ረቡዕ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 5 ቀን 2025። ጨረቃ ከምድር 357 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆና የሞላችበት ቀን ነው። ሚዲያው ሳምንቱን ሙሉ "ሱፐርሙን" እያለ ሲያጓጓን ሰነበተ። (ቃሉን በ1979 የፈጠረው ሪቻርድ ኖል የሚባል ኮከብ ቆጣሪ ነው፤ ሳይንቲስት እንዳይመስላችሁ።) በጣም ርቃ ከምትሞላው ጨረቃ ጋር ስትነጻጸር እስከ 14 በመቶ ትሰፋለች፣ እስከ 30 በመቶ ትደምቃለች ይባላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ስለሌለ ግን ልዩነቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። አንዋሽም፣ እኛም ለመውጣት ሰበብ ፈልገን ነው።

አራት ነን። አንድ የተዋስነው 300 ሚሊ ሜትር ሌንስና አንድ እግሩ በፕላስተር የታሰረ ትራይፖድ ይዘን ቀለበት መንገድ ላይ ካሉት የእግረኛ ድልድዮች አንዱ ላይ ወጣን። ድልድይ ለፎቶ አይመችም፤ ሰው ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ሌንሱ ረዥም ሲሆን ደግሞ የአንድ ሰው ኮቴ ፎቶውን ለማበላሸት ይበቃል። ግን ምሥራቁን ገልጦ የሚያሳይ፣ መግቢያ የማይከፈልበት፣ በጊዜ የማይዘጋ ሌላ ቦታ አላገኘንም። ፎቅ ያለው ዘመድም የለንም።

12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ከግንባታ ክሬኖቹ ጀርባ ብቅ አለች። ቀላ ብላ፣ ምጣድ አክላ። ድልድዩ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ቆመ። ስልክ ያልያዘ እጅ አልነበረም። እኛ ሦስት ፎቶ አነሳን። አራተኛውን ልናነሳ ስንል፣

"ልጆች!"

ከድልድዩ ማዶ ካለ መሥሪያ ቤት የመጡ ጥበቃ ናቸው። (የመሥሪያ ቤቱን ስም ትተነዋል፤ የትኛውም ቢሆን ታሪኩ ያው ነው።) ዕድሜያቸው የአባቶቻችን ነው።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ጨረቃዋን እያነሳን ነው፣ ጋሼ።"

"ማን ፈቀደላችሁ?"

"ለጨረቃ?"

"ለካሜራው ነዋ! ደብዳቤ ይዛችኋል?"

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበልና ስለ ጨረቃ እናውራ፤ ጉዳቱ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል። ጨረቃ የምትሰፋው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በየሁለት ደቂቃው የራሷን ስፋት ያህል ትሄዳለች። ክርክሩ 20 ደቂቃ ፈጀ። በጨረቃ ሲለካ አሥር ጨረቃ ተከራክረናል ማለት ነው። በዚያ ላይ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ጨረቃችን ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ እንደ ሰሜን አገሮች አድማሱን ታክካ አትቆይም። ክርክሩ ሲያልቅ ክሬኖቹን ትታ ሄዳ፣ ነጭ ሆና፣ አንሳ፣ ተራ ጨረቃ ሆናለች።

"ታዲያ ከፍ ስትል አታነሷትም ነበር?" የሚል አይጠፋም። አንድ ወዳጃችንም ብሎናል። አድማስ ላይ ትልቅ መስላ የምትታየን ዓይናችን ስለሚያታልለን ነው። ካሜራ አይታለልም፤ ለካው ብትሉት ስፋቷ ያው ነው። እንዲያውም አድማስ ላይ ስትሆን በምድር ግማሽ ስፋት ያህል ከእኛ ስለምትርቅ በጥቂቱ ታንሳለች። በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሴንሰሩ ላይ የምትይዘው ቦታ ሦስት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ትልቅነቷን በፎቶ ማሳየት የፈለገ ሰው አጠገቧ አንድ ነገር ያስፈልገዋል፤ ክሬን፣ የቤተክርስቲያን ጉልላት፣ ሚናሬት፣ ጣሪያ። ይህ ማለት ሌንሱ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ከተማው ይዞራል። ጥበቃው ያዩትም ይህንኑ ነው፤ ረዥም ሌንስ፣ ወደ ሕንጻቸው አቅጣጫ። ፍርሃታቸው ከምንም የመጣ አይደለም፣ እንስማማ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የማይዋጥልን።

የጸጥታ ጉዳይ ነው ይሉናል። ይሁን። ቤተ መንግሥት አለ፣ የጦር ካምፕ አለ፤ "ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ሲተከል እናከብራለን። ያ ሕንጻ ሰሌዳ አልነበረውም። ጥበቃውም ሆኑ በኋላ ተጠርተው የመጡት ኃላፊ የትኛው ሕግ እንደሚከለክለን አልነገሩንም። እኛ የምናውቀው ሕገ መንግሥቱን ነው፤ አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጽን ጭምር በስሙ ጠርቶ ይጠብቃል። ይህን ስንል ኃላፊው ፈገግ አሉ። "ተማሪዎች ናችሁ መሰል" አሉን።

ደግሞስ የተደበቀው ምንድን ነው? የዚያን ሕንጻ ጣሪያ ማንም ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ጉግል ኧርዝ ላይ ያየዋል። አገራችን ራሷ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለች ሳተላይት ከቻይና አምጥቃ ምድርን ከላይ ፎቶ አንስታለች፤ ያን ዕለት ሁላችንም አጨብጭበናል። ከታች ወደ ላይ ሲሆን ነው ደብዳቤ የሚያስፈልገው።

የባሰው ይኸውላችሁ። በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ድልድዩ ላይ ስልክ የደቀነውን ሕዝብ ማንም አልጠየቀውም። ያው ጨረቃ፣ ያው ሕንጻ፣ ያው አቅጣጫ። ወንጀሉ ትራይፖዱ ነው ማለት ነው። ስልኮቹ የሚያነሱትን ደግሞ እናውቃለን። ጨረቃ በፀሐይ የበራ ጥቁር ድንጋይ ናት፤ ከሚያርፍባት ብርሃን የምትመልሰው 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ እንደ አሮጌ አስፋልት። ስልክ ግን ዙሪያውን ጨለማ አይቶ ብርሃኑን ይከፍተዋል፣ ጨረቃም ነጭ ክኒን ሆና ትወጣለች። ውድ የሆኑት ስልኮች ይህን የፈቱበት መንገድ ያስቃል። በ2023 መጋቢት አካባቢ አንድ የሬዲት ተጠቃሚ የጨረቃን ፎቶ ሆን ብሎ አደብዝዞ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ አደረገና መብራቱን አጥፍቶ በሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ23 አልትራ አነሳው። ስክሪኑ ላይ ያልነበሩ ጉድጓዶች ስልኩ ላይ ወጡ። ኩባንያውም ስልኩ ጨረቃን ለይቶ ዝርዝሯን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እንደሚያጎላ አብራርቷል። እንግዲህ ያየነውን እናንሳ ያልነው ተከለከልን፣ ጨረቃን ከራሱ ጨምሮ የሚስለው በሰላም ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ አንዳችን "እስቲ ሕጋዊ እንሁን" ብሎ ደብዳቤ ፍለጋ ሄደ። በአንዱ ቢሮ "ከየት ነው የመጣኸው?" አሉት። "ከቤት።" "ከድርጅት ካልሆነ አናስተናግድም።" በሌላው ቢሮ የተሻለ ሰው ገጠመው፤ ማመልከቻ ጻፍ፣ ኃላፊው ይመሩበታል፣ ሦስት ቀን ነው አሉት። "ለመቼ ነው የፈለግኸው?" ሲሉት "ለትናንት" ብሎ ወጣ።

አንዳንዱ "ጨረቃ ናት እኮ፣ ተዉት" ይለናል። አንተውም። በ2009 ዓ.ም. ኅዳር 5 የወጣችውን ጨረቃ የሚያስታውስ አለ? ስትሞላ 356,509 ኪሎ ሜትር ድረስ ቀርባን ነበር፤ ከ1940 ዓ.ም. ወዲህ እንደዚያ ቀርባ አልሞላችም፣ ከዚያ በላይ ቀርባ የምትሞላውም ኅዳር 16 ቀን 2027 ዓ.ም. ነው። ያን ምሽት አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር። ከተማ መሀል ረዥም ሌንስ ደቅኖ መቆም ለምን እንደሚያስፈራ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ከእኛ መካከል ሁለታችን በመስኮት አይተን መጋረጃውን ዘጋን። በ2018ቱ ምሽት ግን አዲስ አበባ ላይ አዋጅ አልነበረም። የነበረው ልማዱ ነው። አዋጅ ቀን ተቆርጦለት ያልቃል፤ "ማን ፈቀደላችሁ?" የሚለው ጥያቄ ግን ማብቂያ ቀን አልተጻፈበትም፣ የሚጠይቀውም ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ጥበቃ ነው።

እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። በአገር ደረጃ እንኮራባቸዋለን፣ መኩራትም አለብን። ግን እዚያ የሚሠራ ሰው ከየት ይመጣል? አንድ ምሽት ድልድይ ላይ ቆሞ "ጥቁሯ ቦታ ምንድን ናት?" ብሎ ከጠየቀ ልጅ ነው የሚመጣው። እኛ ያን ልጅ መታወቂያ እየጠየቅነው ነው።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ኃላፊው "አጥፉት" ሲሉ አንድ ፎቶ አጥፍተናል። ማንም አልነካንም፣ ማንም አልጮኸብንም፤ ትራይፖዱን ያጠፍንበት ፍጥነት ራሳችንን አሳፍሮናል። ስልክ የያዘው ሕዝብም ክርክሩን ሲሰማ ቀስ እያለ ተበተነ።

ኃላፊው ከሄዱ በኋላ ጥበቃው ቀረብ አሉን። "እስቲ ያነሳችሁትን አሳዩኝ።" ከቀሩት ሁለቱ አንዱን ከፍተን አሳየናቸው። ስክሪኑን ለረዥም ጊዜ አዩት።

"ይሄ ጥላው ምንድን ነው?"

"ላቫ ነው ጋሼ። ድሮ ፈሶ የደረቀ።"

"እዚያም እሳት ነበረ?" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ቅዳሜ ኑ። ቅዳሜ እሳቸው አይገቡም" አሉን።

ጨረቃ የኃላፊዎችን የሥራ ሰዓት አይታ አትሞላም ብለን ስቀን ተለያየን። ግን ቆጠርን። ከሁለት ወር በኋላ ታኅሣሥ 25 ቅዳሜ ዋለ፤ ሙሉ ጨረቃ፣ ያውም ሌላ ሱፐርሙን። ትራይፖዱን አዲስ ፕላስተር አስረን ሄድን።

ተረኛው ሌላ ሰው ነበር።