«አሜሪካም ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቶባታል» ለምትሉን

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሰማሁት ልጀምር። በቅርቡ በምኖርበት ከተማ በተጠራ የሐበሾች ስብሰባ ላይ አንዲት እህታችን ተነስታ «ለዴሞክራሲ እንታገላለን የምትሉ ሰዎች፣ ከአመራራችሁ ውስጥ አንዲት ሴት የሌለችው ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች። ከመድረኩ የተሰጣት መልስ «ቀስ በቀስ ይደርሳል፤ አሜሪካም እኮ ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቶባታል» የሚል ነበር። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔም ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ያ ዝምታዬ ስለቆጨኝ ነው።

አባባሏ አዲስ አይደለችም። በኢሕአዴግ ዘመን ካድሬዎቹ ስለ ምርጫና ስለ እስረኞች በጠየቅናቸው ቁጥር ይቺኑ ይመዙብን ነበር። ያኔ የአምባገነን ማመካኛ ናት ብለን አወገዝናት። ዛሬ በራሳችን አፍ ስትነገር ግን እናጨበጭብላታለን። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ታሪክ ከተማለ ዘንድ ታሪኩ ራሱ ምን እንደሚል ማየት ይገባል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከኒው ጀርሲ እንጀምር። ይህች ግዛት በ1776 ባወጣችው ሕገ መንግሥት 50 ፓውንድ የሚያወጣ ሀብት ያለው ነዋሪ ሁሉ ይምረጥ አለች። ወንድ አላለችም፤ ነጭም አላለችም። ያገባች ሴት ንብረቷ በሕግ የባሏ ስለነበረ ከመስፈርቱ ወጣች እንጂ፣ ያላገቡና ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ ነፃ ጥቁሮችም ጭምር ድምፅ ሰጥተዋል። በ1797 የወጣው የምርጫ ሕግ መራጩን «እሱ ወይም እሷ» ብሎ እስከ መጥራት ደርሶ ነበር። ጊዜ ብቻውን መብትን የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ ይህ ወደ ሌሎቹ ግዛቶች መዛመት ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ1807 የግዛቲቱ ምክር ቤት ምርጫን ለነጭ ወንዶች ብቻ አደረገው። ፓርቲዎቹ በድምፅ ማጭበርበር ሲካሰሱ ቆዩና ጥፋቱን የሚከራከርላቸው በሌላቸው ሰዎች ላይ ደፈደፉት። 31 ዓመት የኖረ መብት በአንድ ሕግ ጠፋ።

ቀጥሎ የመጣው «የተራው ሰው ዘመን» እየተባለ የሚወደሰው የአንድሩ ጃክሰን ጊዜ ነው። እውነት ነው፣ ድኻው ነጭ ወንድ ያን ጊዜ መራጭ ሆነ። ግን በማን ኪሳራ? ኒው ዮርክ በ1821 ለነጮች የንብረት መስፈርቱን ስታነሳ ለጥቁር ወንድ ግን 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ይኑርህ አለችው። ፔንሲልቫኒያ በ1838 «ነጭ» የሚለውን ቃል በሕገ መንግሥቷ ውስጥ ጨመረች። በዚያው ዓመት የራሳቸው ፊደል፣ ጋዜጣና የተጻፈ ሕገ መንግሥት የነበራቸው ቼሮኪዎች፣ ጃክሰን በ1830 በፈረመው ሕግ መነሻነት በጦር ሠራዊት ከአገራቸው ተነቀሉ። በሺህ የሚቆጠሩት በመንገድ አለቁ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ዴሞክራሲው «እያደገ» በነበረበት ወቅት ነው።

«መጀመሪያ ልማት፣ መብት ከኋላው ይመጣል» የሚሉም አሉ። ልማቱማ መጣ። በ1825 የተከፈተው 363 ማይል የኢሪ ቦይ፣ የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረገጡ ሰዎች መሪነት ተቆፍሮ የጭነት ዋጋን ወደ አንድ አሥረኛ ያህል አወረደ። ለዚህ ሥራ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። በሎዌል ማሳቹሴትስም ግዙፍ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተተከሉ። ጥጡን በደቡብ የሚለቅሙት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ በፋብሪካው በቀን ወደ 13 ሰዓት የሚቆሙት ደግሞ የገበሬ ልጆች የሆኑ ወጣት ሴቶች። ታዲያ ሀብቱ ሲያድግ መብታቸው አብሮ አደገ? በ1834 ደመወዛቸው ሊቀነስ ሲል ሥራ አቁመው ወጡ፤ ተሸነፉ። በ1836 የማደሪያና የምግብ ክፍያ ሲጨመርባቸው እንደገና ወጡ፤ በዚህኛው ኩባንያዎቹን ወደ ኋላ አስባሉ። በ1845 ከ2,000 በላይ ፊርማ አሰባስበው የሥራው ቀን 10 ሰዓት እንዲሆን ጠየቁ። የምክር ቤቱ ኮሚቴ ምስክርነታቸውን ሰምቶ ሲያበቃ መፍትሔው በእኛ እጅ አይደለም አላቸው። ያገኙት ጥቂት ነገር ቢኖር ታግለው ያገኙት ነው።

ሚሲሲፒ በ1839 ያገባች ሴት የራሷ ንብረት እንዲኖራት ፈቀደች። ሕጉ ከሁሉ በላይ ያሰበለት «ንብረት» ግን ባሪያ ነበር። በ1840 ለንደን በተደረገው የፀረ ባርነት ጉባኤ ላይ ከአሜሪካ የተላኩ ሴቶች እንደ ተወካይ እንዳይቀመጡ ተከለከሉ። የከለከሏቸው የባሪያ ጌቶች አይደሉም፤ የነፃነት ታጋዮች ናቸው! እዚያ የተገናኙት ሉክሪሺያ ሞትና ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተን በ1848 በሴኔካ ፎልስ 300 ያህል ሰዎች የተገኙበትን ጉባኤ ከሌሎች ሴቶች ጋር ጠሩ። የምርጫ መብት ጥያቄ ሲነሳ የገዛ ወዳጆቻቸው ሳይቀሩ ፈሩ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ግን ቆሞ ደገፈው፤ ውሳኔውም አለፈ። 68 ሴቶችና 32 ወንዶች መግለጫውን ፈረሙ። ሕጉ የጸደቀው በ1920 ነው። ከፈራሚዎቹ ለዚያ ቀን የደረሰችው ሻርሎት ውድዋርድ፣ በሕመም ምክንያት ድምፅ ሳትሰጥ ቀረች።

እንግዲህ ያ ሁሉ ዓመት የዴሞክራሲ መብሰያ ጊዜ አልነበረም፤ የከልካዮች ዕድሜ ነው እንጂ። ነገሩ የዘገየው ጠያቂ ጠፍቶ ወይም ሕዝቡ ሳይደርስ ቀርቶ አይደለም። እምቢ ባይ ስለነበረ ነው የዘገየው። ስለዚህ «ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቶባታል» የሚል ሰው ራሱን ከየትኛው ወገን እንዳሰለፈ ይወቅ፤ ከጠያቂዎቹ ሳይሆን ከከልካዮቹ ጋር ነው የቆመው።

ያቺ እህቴ ይህን ታነቢው እንደሆነ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና ጠይቂ፤ እኔም አብሬሽ እነሳለሁ።

ቸር ይግጠመን።