ጆሮ ዳባ ልበስ፣ በአራት መቶ ዶላር

አበው መስማት የማይፈልገውን ሰው «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ይሉታል። ዳባ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ፣ እረኛና መናኝ የሚለብሰው ልብስ ነው። እኛ በዳላስና በፎርት ወርዝ የምንኖር ወገኖች ግን ዛሬ ጆሯችንን ዳባ የምናለብሰው በአራት መቶ ዶላር ሆኗል። ዳባውም ያ የሚያብረቀርቀው፣ ባሱ ራስ የሚያናውጠው የጆሮ ማዳመጫ ነው። ልጆቻችን ለምነው ያስገዙናል፤ እኛም ውድ የሆነ ሁሉ ጥሩ ይመስለናል። ይህም ባልከፋ፤ ነገር ግን በዚያው ዕቃ የወላጆቻችንን ድምፅ ልንቀርጽና ልናስተካክል እንቀመጣለን። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ራሴን ልክሰስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ በገና ደርዳሪ አዛውንት ዘመዴ ከአገር ቤት መጥተው ጋርላንድ ከሚገኘው ቤታችን ሰነበቱ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በነሐሴ ሙቀት ኤሲውን አጥፍተን፣ ላብ እያጠመቀን፣ አርባ ደቂቃ ያህል ቀረጽኳቸው። ማታ ልጄ ለልደቱ ያገኘውን ውድ ማዳመጫ አጠለቅሁና ድምፁን ላስተካክል ተቀመጥኩ። ወፍራሙ ድምፅ በዛብኝ፤ ቀነስኩት። አሁንም በዛብኝ፤ ጨምሬ ቀነስኩት። ከዚያም በዋናው ቅጂ ላይ ደርቤ አስቀመጥኩት። በማግስቱ መኪናዬ ውስጥ ስከፍተው በገናው የለም! የቀረው የትንኝ ድምፅ ብቻ ነበር። ለካ ያ የበዛው ባስ ማዳመጫው የጨመረው እንጂ በገናው ውስጥ የነበረ አልነበረም። አዛውንቱ አገራቸው ገቡ፤ በዓመቱም አረፉ። ሁለተኛ ቅጂ የለኝም።

እንግዲህ ማዳመጫ ማለት ሚዛን ነው። ሚዛኑ አስቀድሞ ካዘነበለ የመዛኙ ብልሃት ምን ይፈይዳል? የበገናን ጠባይ ይመልከቱ። አሥሩ አውታሮች እጅግ ወፍራም ድምፅ አላቸው፤ በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራ የምንላት፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ትሰጠዋለች። ባስ የሚያጋንን ማዳመጫ ወፍራሙን ያሳብጥና ንዝረቱን ይሸፍነዋል። ክራርም፣ መሰንቆም፣ የእናትዎም እንጉርጉሮ ነፍሳቸው ያለው በመካከለኛው ድምፅ ውስጥ ነው። እኛ የምንገዛው ዕቃ ደግሞ በብዛት የሚደክመው እዚያው ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይግዙ? ለመቅረጽ ከሆነ ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ፣ ገመድ ያለው ማዳመጫ ይግዙ። ጀርባው ክፍት ከሆነ በጆሮዎ የሚሰሙት ከበሮ አፈትልኮ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። ሶኒ ኤምዲአር 7506 የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው፤ ዛሬም በሬዲዮ ጣቢያዎችና በስቱዲዮዎች ይሠራበታል፤ ዋጋውም መቶ ዶላር ገደማ ነው። ፍጹም አይደለም፤ ቀጭኑን ድምፅ ጥቂት ያጎላል። ቢሆንም ስሕተትዎን አይደብቅልዎትም። ቤትዎ ተቀምጠው በጸጥታ ለማዳመጥና ለማስተካከል ግን ጀርባው ክፍት የሆነው ይሻላል። ከ1997 ጀምሮ ያለው ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 ለዚህ የታወቀ ነው። ነገር ግን 300 ኦም ስለሆነ ስልክ ላይ ሲሰኩት አቅም ያንሰዋል፤ ማጉያ ይፈልጋል።

ገመድ አልባውስ? በብሉቱዝ የሚመጣ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይዘገያል። ለማዳመጥ አያስቸግርም። በላዩ ሊዘፍኑ ሲሞክሩ ግን ከከበሮው ኋላ እንደቀረ እስክስታ ወራጅ ያደርግዎታል።

ሱቅ ሲሄዱ በልብዎ የሚያውቁትን፣ መሰንቆ ያለበትን ዘፈን ይዘው ይሂዱ። የቀስቱ ጭራ ሲፋተግ ይሰማዎታል? የዘፋኙ ትንፋሽስ? ሁለት ማዳመጫዎችን ሲያወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል ያድርጉት፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና።

«እኔ እኮ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው፤ ጫጫታውን የሚያጠፋው ነው የሚያስፈልገኝ» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። በባቡርና በአውሮፕላን ውስጥ ጫጫታ የሚቀንስ ማዳመጫ ድምፅ ከፍ ከማድረግ ያድናል፤ ጆሮ ደግሞ ምትክ የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለልጆች በ75 ዴሲቤል ብሎ ወስኗል፤ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ለመንገድ የተሠራው ለመንገድ ይሁን፤ ያንኑ ዕቃ ወደ ቀረጻ ማምጣት ነው የምቃወመው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «የእኛን ማን ይሰማዋል?» የሚለው ነው። ዳላስ መሐል ከተማ፣ ፓርክ አቬኑ 508 ቁጥር የሚገኘውን ሕንፃ አልፈውት ያውቁ ይሆናል። በጁን 1937 ሮበርት ጆንሰን የሚባል ጥቁር ጊታረኛ እዚያ ተቀምጦ አሥራ ሦስት ዘፈኖች ተቀረጸ፤ በዓመቱ ሞተ። ያንን ቀረጻ ዓለም እስከ ዛሬ ያዳምጠዋል። የራሳችን ኃይሉ መርጊያም በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን ተጫውቶ ካሴት አወጣ፤ በኋላም ለዓመታት ታክሲ ነዳ። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታትሞ ወጣና ሰውየውን ወደ መድረክ መለሰው። ያን ዕለት «ማን ይሰማዋል» ብለው ቢተዉት ኖሮ ዛሬ ምን በእጃችን ይቀር ነበር?

ስለዚህ ወገኔ፣ ያንን አራት መቶ ዶላር እንዲህ ይክፈሉት። መቶውን ለማዳመጫ፣ መቶውን ለማይክሮፎን ያውሉት፤ የቀረውን ኪስዎ ይክተቱት። እናትዎ ለጉብኝት ሲመጡ ቡና ያፍሉና ያስቀምጧቸው። ኤሲውን ያጥፉ። ፍሪጁንም ይንቀሉ፤ መልሰው መሰካቱን እንዳይረሱ የመኪናዎን ቁልፍ ውስጡ ያስቀምጡ። ከዚያ ይቅረጹ፤ በሌላ ቅጂ ላይም እንደፈለጉ ያስተካክሉ። ዋናውን ግን አይንኩት።