ጎበዝ ማን ነው?

ወገን፣ ዛሬ አንዲት ቃል ላይ ልሟገታችሁ ነው። "ጎበዝ" የምንላት ላይ።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ "ጎበዝ" እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ደረጃ ስለምወጣ። ዲግሪዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመት አለፈ፣ ሥራ የለኝም። አሁን የሰፈር ሰው እናቴን ሲያገኛት ምን እንደሚላት ታውቃላችሁ? "ልጅሽ እኮ ጎበዝ ነበር!" ነበር! ጭንቅላቴ ያው ነው፤ ባዶ የሆነው ኪሴ ነው።

ቃሏ ግን ድሮ እንዲህ አልነበረችም። አያቶቻችን ጎበዝ የሚሉት ብርቱውን፣ ደፋሩን፣ ለሰው የሚደርሰውን ወጣት ነው። በቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መክብብ ምዕራፍ 12 ላይ "ጉብዝና" ማለት ወጣትነት ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞችን ሲመሩ "የጎበዝ አለቃ" የተባሉትን ሰርተፍኬት የጠየቃቸው የለም። ዛሬም ነገር ሲጨንቅ "ኧረ ጎበዝ፣ ምን ይሻላል?" የሚባለው ደረጃ የወጣው ተለይቶ አይደለም። ለሁላችንም ነው።

ትምህርት ቤት ግን ቃሏን አጠበባት። ውጤት ያለው ጎበዝ፣ የሌለው ሰነፍ። "ሰነፍ" ደግሞ ክፉ ቃል ናት፤ ሥራ የማይወደውንም ትምህርት የማይገባውንም በአንድ ስም ትጠራለች። ልጁ ሳያጠና ነው? ሳይገባው ነው? አስተማሪ ሳይኖረው ነው? ማንም አይጠይቅም። "ሰነፍ ነው" ተባለ፣ አለቀ።

እስቲ ቁጥሩን እዩት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1000 በላይ ናቸው። ትምህርት ቤት ሙሉ ሰው ሰነፍ ይሆናል እንዴ?

ጎረቤታችን ያለ ልጅ ወድቆ አባቱ "አንተ ሰነፍ!" ሲለው ሰማሁ። ልጁ የፊዚክስ መምህር ያገኘው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። የሰፈሩ ምጣድ ሲበላሽ ግን ሁሉም የሚጠራው እሱን ነው። ይሄ ጭንቅላት የለውም?

"ስንፍና የለም ልትል ነው?" እንዳትሉኝ። አለ። እኔም እስከ ረፋድ ተኝቼ የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው። ግን የሰነፈውንና የተበደለውን በአንድ ቃል አንምታ።

ስለዚህ አንድ ነገር እንጀምር። ልጅን "ሰነፍ" ከማለታችን በፊት "የቱ ጋ ነው ያልገባህ?" እንበለው። እንደኔ ተመርቃችሁ ቤት የተቀመጣችሁ ደግሞ የሰፈራችሁን ሁለት ሦስት ልጅ ማታ ማታ ሰብስቡ። ደሞዝ የለውም፣ አውቃለሁ። እኔ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ፊዚክስ ከጀመርን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ቶሎ ይገባዋል።

ጎበዝ! እናንተስ ከማን ጋር ትጀምራላችሁ?