በጋው ገብቷል፤ ወደ መቱ በመኪና መውጣት ያሰባችሁ፣ ከፎቶው በፊት መንገዱን እዩ

ሶር ፏፏቴ ፊዳችሁ ላይ መጥቶባችሁ ያውቃል? አረንጓዴ ጫካ፣ ነጭ ውሃ፣ ከስር ሙዚቃ፣ ከላይ «ይህ ውጭ ሀገር አይደለም፣ ኢትዮጵያ ነው» የሚል ጽሑፍ። ኮመንቱ ውስጥ ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «እንዴት ነው የሚኬደው?» መልስ የሚሰጥ ግን ብዙም የለም። ዛሬ የምናወራው ስለዚህች ጥያቄ ነው። ቀላል ትመስላለች እንጂ የአንድ አካባቢ እንጀራ የተንጠለጠለባት ናት።

መጀመሪያ ጊዜውን እንያዝ። ፈረንጆቹ «ዊንተር» የሚሉት ወቅት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ለእኛ በጋ ነው። በዚህ ወቅት ብዙ የአውሮፓ ጡረተኛ አልጋና ምድጃ የተገጠመለትን መኪናውን እየነዳ ፀሐይ ፍለጋ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ካምፐር ይሉታል። ከሚሄዱባቸው ቦታዎች አንዱ የስፔን ካናሪ ደሴቶች ነው። መኪናቸውን መርከብ ላይ ጭነው ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ይሻገራሉ።

እኛ እንዲህ ያለ የባሕር ደሴት የለንም። ግን ከበደሌ ተነስታችሁ ያዩ፣ ሁሩሙ፣ መቱ፣ ጎሬ እያላችሁ ስትሄዱ ነገሩ ይመሳሰላል። በጫካና በቡና የተከበቡ ትናንሽ ከተሞች፣ የሚያገናኛቸው ደግሞ አንድ ዋና መንገድ። መንገዱ ደህና ከሆነ ሁሉም ደህና ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ ሁሉም ይቆማል።

ወቅቱ ትክክል ነው። ኢሉባቦር በሀገራችን ዝናብ በጣም ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ፣ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ለመግባት የሚያመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በዚያ ላይ የቡና ለቀማ ወቅት ነው፤ በየደጁ የተሰጣ ቡና ታያላችሁ። የጭነት መኪናውም በዚያው ልክ ይበዛል።

እሺ፣ መኪናውስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠነክረው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው፤ ቆየት ያሉት ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ስለዚህ ካምፐር ከውጭ አስመጥቶ መንሸራሸር ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ነው። የቀረን ምርጫ ሚኒባስ ወይም ፒካፕ ተከራይቶ፣ ፍራሽና ድንኳን ጭኖ መውጣት ነው። ወይም ደግሞ አዲስ አበባን ባጥለቀለቃት የኤሌክትሪክ መኪና መሄድ።

በኤሌክትሪክ መኪና ለመሄድ ያሰባችሁ እስኪ አብረን እናስላ። ከአዲስ አበባ በጅማ አድርጎ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጅማ ድረስ ወደ 350፣ ከጅማ በደሌ ወደ 140፣ ከበደሌ መቱ ደግሞ ከ110 ትንሽ ከፍ ይላል። ሻጩ «በአንድ ቻርጅ 500 ይሄዳል» ብሏችሁ ይሆናል። ያ ቁጥር የተለካው ጊቤ በረሃ ወርዶ ዳገቱን እየወጣ፣ አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ፣ ኤሲ ከፍቶ አይደለም። ስለዚህ ጅማ ላይ ቻርጅ ማድረግ ግድ ነው። ፈጣን ቻርጀር ከጠፋና በተራ የቤት ሶኬት ከሰካችሁት፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶ ከሆነ ለመሙላት አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። መብራት ካልጠፋ ነው ይሄ። የሁለት ቀን ጉዞ አራት ቀን የሚሆነው እንዲህ ነው።

ነዳጅ የሚጠቀም መኪናም ከጣጣ ነፃ አይደለም። ከ2015 ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ ዲጂታል ነው። ያለ ኔትወርክ መቅዳት ከባድ ነው ማለት ነው። በሀገራችን ኔትወርክ በቴክኒክ ችግር ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ በ2012 ጎረቤት ወለጋ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። ስለዚህ ጅማ ላይ «መቱ ስደርስ እቀዳለሁ» አትበሉ። ሙሉ አድርጋችሁ ውጡ፣ ግማሽ ሲሆን ደግሞ እንደገና ሙሉ።

አሁን ሁሉም የሚያስበውን ግን ጮክ ብሎ የማይለውን እንበለው፦ ጸጥታ። የምዕራብ ኦሮሚያ ግጭት ስንት ቤተሰብ እንዳፈናቀለ፣ መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደታገተ የሚያውቅ ያውቀዋል። የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸውን የሚያስጠነቅቁበት የጉዞ ማሳሰቢያም የሚያመጣው ጣጣ አለው። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንሶች መንግሥት «አትሂዱ» ካለበት ቦታ ለሚደርስ ጉዳት አይከፍሉም። ስለዚህ ፈረንጁም ዳያስፖራውም ጫካውን ስለጠላ ሳይሆን ኢንሹራንሱ ስለማይሸፍነው ይቀራል።

ችግሩ ግን ሌላም ነው። «ምዕራብ» ተብሎ በጅምላ ሲጠራ ሰላም የዋለውም፣ ግጭት ያለበትም እኩል ይፈረጃል። ከበደሌ መቱ ያለው መንገድ ዛሬ እንዴት እንደዋለ በደንብ የሚያውቀው አዲስ አበባ ያለ ቢሮ አይደለም። ጠዋት ከመቱ መናኸሪያ የወጣው ሹፌር ነው። ያ እውቀት ግን ከመናኸሪያው አይወጣም። ስለዚህ አንዱ ፈርቶ ይቀራል፣ ሌላው ደግሞ ምንም ሳያጣራ ተነስቶ ይሄዳል። ሁለቱም መረጃ ከማጣት የመጡ ናቸው። የሁለተኛው ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

የጎሬ-መቱ ኤርፖርት ትልቅ ተስፋ ነው፤ አንክድም። ግን አውሮፕላን ኤርፖርት ያወርዳችኋል እንጂ ሶር ድረስ አይወስዳችሁም። ከዚያ በኋላ ያለው መኪና፣ አስጎብኚ፣ ማደሪያ፣ ምሳ፣ ሁሉም የመሬት ሥራ ነው። ገንዘቡ ከተማው ውስጥ የሚቀረውም እዚያ ላይ ነው።

ኢሉባቦር ሰው የሚስብ ነገር አልጎደለውም። የያዩ የቡና ጫካ በ2002 ከከፋ ጋር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና ዱር በቀል ዘመዶቹ እዚያ ናቸው። ብዙዎቻችን ግን ያዩን የምናውቃት ለዓመታት በተጓተተው የማዳበሪያ ፋብሪካዋ ነው። ጎሬ ደግሞ የቀድሞ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ናት። በ1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ስትገባ፣ በራስ እምሩ የሚመራው የተረፈው መንግሥት የተቀመጠው ጎሬ ነበር። ይህን ታሪክ ቦታው ላይ ቆሞ የሚተርክ አንድ ወጣት የቀን ገቢ ሊያገኝበት ይገባ ነበር።

ከካናሪ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ደሴቶቹ 2.2 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አላቸው፤ በፈረንጆቹ 2024 ግን ከ15 ሚሊዮን በላይ የውጭ ጎብኚ ገባባቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነዋሪው የቤት ኪራይ ናረብን፣ ተፈጥሯችን ተጎዳ ብሎ በብዙ ሺህ ሆኖ ሰልፍ ወጣ። መቱ ከዚያ በጣም ሩቅ ናት። ግን ደንብ የሚወጣው ሰው ከመምጣቱ በፊት ነው። ድንኳን የት ይተከላል? እሳት የት ይነዳል? ቆሻሻ ማን ያነሳል? ቡናው ጫካ ውስጥ ማንም እንደፈለገ እሳት ካነደደ፣ የሚቃጠለው የገበሬው ኑሮ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? የእኛ ሐሳብ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። አንድ የቴሌግራም ቻናል፣ በቀን አራት መስመር፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ፣ ነዳጅ አለ ወይስ የለም፣ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ የት ነው፣ ዛሬ የት ይታደራል። የከተማው ወጣቶች ከሹፌሮችና ከማደያዎች ይሰብስቡት፣ የዞኑ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያጣራው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ የጸጥታ ኃይል የት እንዳለ የሚያሳይ መረጃ አይለጠፍ። ሰበር ዜናም አይሁን፤ «ክፍት ነው፣ ዝግ ነው» ይበቃል።

እስከዚያው መሄድ የቆረጣችሁ፣ በቀን ብቻ ንዱ። ከእያንዳንዱ ከተማ ከመውጣታችሁ በፊት ከፊታችሁ ካለው ከተማ የመጣ ሹፌር ጠይቁ። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካላችሁ ስሙት፤ ሆቴል የከፈላችሁት ብር ቢቃጠል ይሻላል። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት የቀበሌውን ሰው አስፈቅዱ። ሶር ስትደርሱ የአካባቢውን ልጅ መንገድ እንዲያሳያችሁ ውሰዱና ተገቢውን ክፈሉት።

በደሌ፣ ያዩ፣ ሁሩሙ፣ መቱና ጎሬ ያላችሁ ተከታታዮቻችን፣ ይህ ሥራ ያለእናንተ አይሆንም። ዛሬ መንገዱ እንዴት ዋለ? ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ የሰፈራችሁን ስም መጥቀስ አትርሱ።